«አለሁልሽ» ተብለው ብቻቸውን የቆሙት መጽሐፍ ጠራዥ

ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ አክስቴን ለመሸኘት በፊታችን የቆማችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሙያ ባልደረቦች፣ ድካማችሁን ፈጣሪ ይቁጠርላችሁ እያልኩ፣ የእኒህን ሴት የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ እኔ የወንድማቸው ልጅ መሆኔን አስቀድሜ እገልጻለሁ። አንባቢ እንድሆን የመረጡኝም ራሳቸው ሟቿ ናቸው። ሕመማቸው ከጠናባቸው በኋላ አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ «ሚጡ፣ ያን ቀን የምታነቢው አንቺ ነሽ። ‹በልዩ ልዩ ምክንያት ሥራቸውን ለቀቁ› የምትል ነገር ካስገባሽ ግን ከሳጥኔ ተነሥቼ ነው የማርምሽ» ብለውኝ ነበርና፣ የሰው ፊት ሳልፈራ እንደ ቃላቸው አነባለሁ።

አክስቴ ከአናጺ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው ሲሠሩት ከነበረ ጣሪያ ላይ ወድቀው ሲያርፉ እርሳቸው ገና አፋቸውን የፈቱ ሕፃን ስለነበሩ፣ የአባትነቱን ቦታ የያዙት ታላቅ ወንድማቸው፣ ማለትም የእኔ አባት ናቸው። አባቴ ጢማቸው ሳያቀመቅም ትምህርታቸውን አቋርጠው በአንድ ማተሚያ ቤት ማሽን ጠራጊ ሆነው ገቡ፤ ጠዋት ጠዋት ታናሽ እህታቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ትምህርት ቤት ያደርሱ፣ ማታ ቀለም በነካው ጣታቸው የእህታቸውን የቤት ሥራ እየጠቆሙ ያርሙ ነበር። አክስቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ፊታቸው ይፈታ ነበር። «በደብተሬ ላይ የማሽን ቅባት የሌለበት ገጽ ካየች አስተማሪዬ ‹ዛሬ ወንድምሽ ታሟል?› ትለኝ ነበር» እያሉ ያስቁን ነበር። ወንድማቸውንም «ወንድም ጋሼ» ብለው ይጠሯቸው ነበር፤ በእርሳቸው አፍ ይህ ቃል «አባዬ» ለማለት ትንሽ ነበር የሚቀረው።

አክስቴ፣ አባቴ ከማተሚያ ቤቱ የሚያመጡላቸውን ቁራጭ ወረቀት እየደራረቡ በመርፌና በክር መስፋት የጀመሩት ገና በልጅነታቸው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ ነርስ ለመሆን ቢመኙም፣ የእናታቸው ጤና ማጣት ስላልፈቀደላቸው፣ በወንድማቸው አስተዋዋቂነት በዚያው ማተሚያ ቤት በጥራዝ ክፍል ተቀጠሩ። የሰፉት መጽሐፍ ተወርውሮ ቢወድቅ እንኳ ገጹ ስለማይላቀቅ፣ እርሳቸውም ያሉትን ስለማይለውጡ፣ ባልደረቦቻቸው «ጥብቅ» የሚል ቅጽል አወጡላቸው፤ ኋላም ዕድሜያቸው ሲገፋ «እትዬ ጥብቅ» ሆኑ።

የጥራዝ ክፍሉ ረጅም አዳራሽ ነበር። በመካከሉ ሠራተኞቹ ትይዩ የሚቀመጡባቸው የእንጨት ጠረጴዛዎች፣ በአንዱ ጥግ ሙጫ የሚሞቅበት ድስት፣ በሌላው ጥግ የመጽሐፉን ጠርዝ የሚያስተካክለው መቁረጫ፣ ከኋላ ደግሞ በብረት በር የሚዘጋ የወረቀት መጋዘን ነበሩ። የኃላፊው ቢሮ ጥቂት ደረጃ ከፍ ብሎ በመስታወት የታጠረ ስለነበር፣ እርሱ ከላይ ሁሉንም ያያል፤ ቀና ብሎ እርሱን የሚያየው ግን አልነበረም።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚሁ አዳራሽ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበሩት እኒያ ደግ ሰው አንድ የተቃጠለ አምፖል ሊቀይሩ መጥተው አክስቴን ካዩ በኋላ፣ ደኅና የሚበራውን ሁሉ ደጋግመው «ልመርምረው» እያሉ ስለተመላለሱ፣ አክስቴ በመጨረሻ፣ «ወንድሜ፣ አምፖሉን ተወውና የመጣህበትን ተናገር» አሏቸው ይባላል። በእናታቸውና በአባቴ ምርቃት ተጋብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ሰርጉ ላይ ከሙሽራው በላይ የጨፈሩት አባቴ እንደነበሩ በሥፍራው የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ።

አሁን አክስቴ እንድዘለው ወዳልፈቀዱልኝ ክፍል እደርሳለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አንቱ» የማልለው ታላቅ ሰው ቢኖር የዚያ ክፍል ኃላፊ ብቻ ነው። ሴቶቹን ሁሉ «ልጄ» ስለሚል፣ ሐዘን ቤት ቀድሞ ስለሚደርስ፣ የታመመ ስለሚጠይቅ፣ ሠራተኞቹ «አባትየው» ይሉት ነበር። ነገሩ የተጀመረው በምስጋና ነው። የአክስቴን ስፌት ያደንቅና «እስቲ አሳዪኝ» ብሎ መርፌ በያዘው እጃቸው ላይ እጁን ያሳርፋል፤ ከወንበራቸው ኋላ ቆሞ ትንፋሹ አንገታቸው እስኪደርስ ያጎነብሳል፤ የለበሱትን ልብስ፣ ከወለዱ በኋላ ሰውነታቸው እንዴት እንዳማረ እያነሣ ሰው በተሰበሰበበት ይቀልዳል፤ ሌሎቹም ሳይወዱ በግድ ይስቃሉ። ከዚያም ወደ ቢሮው እያስጠራ የጠረጴዛ አለቃ ሊያደርጋቸው እንደሚችል፣ ይህ ግን «በመግባባት» እንደሚሆን ነገራቸው። አክስቴ ጉዳዩ እንዳይድበሰበስ ብለው በግልጽ፣ «እኔ ባለትዳር ነኝ፤ ባልሆንም ኖሮ አልፈልግም» ብለው መለሱ።

«አልፈልግም» ካሉበት ቀን ጀምሮ ከስፌት ተነሥተው ብጥስጣሽ ወረቀት ጠራጊ ሆኑ። ደህና ሠርተው ያስረከቡት ሥራ ተበላሸ እየተባለ ይመለስባቸው፣ በር ላይ ከሌሎቹ ጋር ገብተው እርሳቸው ብቻ አርፋጅ ይባሉ ጀመር። በክፍሉ በዕድሜ ትልቋ የነበሩት ሠራተኛ አዝነው፣ «ልጄ፣ ቻይው። ሁላችንም ችለነው ነው የኖርነው» ብለው ቢመክሯቸው፣ አክስቴ፣ «እትዬ፣ እናንተ ስለቻላችሁት እኮ ነው እኔ ጋ የደረሰው» ብለው መለሱላቸው። ሴትዮዋ ቃሉ ቢመራቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው እውነት ነው ሲሉ ኖረዋል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ኃላፊው ለሽፋን የሚሆን ካርቶን እንዲያወጡ ወደ መጋዘኑ ላካቸውና ተከትሎ ገብቶ የብረቱን በር ከኋላው ዘጋው። አክስቴ ገፈተሩት፤ ጮኹ፤ በአዳራሹ ግን መቁረጫው እየሠራ ስለነበር ድምፃቸው ከመጋዘኑ አልወጣም። እጅጌያቸው ተቀዶ፣ ጀርባቸው በወረቀቱ ክምር ላይ ተጣብቆ፣ የሰውዬው እጅ አንገታቸውን እንደያዘ በሩ ተከፈተ። በሩን የከፈተው ለማሽኑ ወረቀት ሊወስድ የመጣ ሰው ነበር። ያ ሰው የእኔ አባት ናቸው።

ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ልጄ አዳልጧት ልትወድቅ ስትል ደገፍኳት» አለ። አባቴ እህታቸውን በእጃቸው ይዘው አወጧቸው፤ በግቢው ቧንቧ ፊታቸውን አጠቡላቸው፤ የራሳቸውን የሥራ ካፖርት አውልቀው በተቀደደው እጅጌ ላይ አለበሷቸው። አክስቴ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ተወው፤ ማን ያምነኛል? ሥራዬን ልልቀቅና ይቅርብኝ» ሲሏቸው፣ አባቴ፣ «ምን ሆነሽ ነው የምትለቂው? ክሰሺው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ የትም ቀርቤ እናገራለሁ። አለሁልሽ» አሏቸው። ባለቤታቸው በዚያ ምሽት ሰምተው ሊደበድቡት ሲነሡም የከለከሉት አክስቴ ናቸው። «አንተ ከታሰርክ የእርሱ ተረስቶ የአንተ ጥፋት ነው የሚወራው። ወንድም ጋሼ አይቷል፤ ይበቃል» አሉ። እንግዲህ ልብ አድርጉልኝ፤ አክስቴ የከሰሱት በዚያ ቃል ላይ ተደግፈው ነው።

ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተሰየመ። በሥራ አስኪያጁ ቢሮ አጠገብ ባለችው የስብሰባ ክፍል፣ በረጅሙ ጠረጴዛ በአንድ ወገን የኮሚቴው አባላት፣ በሌላው ወገን ኃላፊው፣ በጫፉ ላይ አክስቴ ተቀመጡ። አክስቴ የደረሰባቸውን ሁሉ ሳይደብቁ፣ ለማንም ሴት በወንዶች ፊት መናገር የሚከብደውን ጭምር፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚገባው ምስክር ማን እንደሆነ ያውቃሉ። አባቴ ተጠርተው ገቡ። ኮሚቴው ያዩትን እንዲያስረዱ ሲጠይቃቸው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሻሹ፣ ወረቀት ሊወስዱ መግባታቸውን፣ እህታቸውንና ኃላፊውን ቆመው ማግኘታቸውን፣ ነውር የሚባል ነገር ግን አለማየታቸውን ተናገሩ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «እህቴ ከልጅነቷም ትንሽ ቁጡ ናት። ከወለደች ወዲህም ደክሟት ይሆናል» ብለው ጨመሩ።

በዚያ ክፍል የነበሩ አንድ የኮሚቴ አባል ኋላ እንደነገሩን፣ አክስቴ አላለቀሱም፤ አልጮኹምም። «ወንድም ጋሼ፣ እስቲ እኔን እያየህ ድገመው» ብቻ አሉ። አባቴ ጠረጴዛውን እያዩ ደገሙት።

ይህን ጽሑፍ ትናንት ለአባቴ አንብቤላቸዋለሁ። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ ይህ ክፍል ይውጣ፣ የሞተ አይወቀስ፣ ያለም በለቅሶ ላይ አይዋረድ ብለውኝ ስለነበር፣ የእርሳቸውን ፈቃድ ለመስማት ብዬ ነው። እኔ በመጀመሪያ የጻፍኩት «አባቴ ፈርተው ያዩትን ሳይናገሩ ዝም አሉ» የሚል ነበር። አባቴ እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ሌላውን አትንኪው። ‹ዝም አሉ› የሚለውን ግን አውጪው። ዝም አላልኩም። ‹ዋሹ› በይ» አሉኝ። እነሆ ብያለሁ። አሁን ከፊት ወንበር ተቀምጠው እየሰሙኝ ነው።

ኮሚቴው ክሱ አልተረጋገጠም ብሎ ወሰነ፤ አክስቴም ኃላፊውን በፊርማቸው ይቅርታ ጠይቀው ወደ ሥራ እንዲመለሱ ታዘዙ። እርሳቸው ይቅርታ አልጠየቁም፤ መርፌያቸውንና መቀሳቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ወጡ። ማተሚያ ቤቱም «በራሳቸው ፈቃድ ለቀቁ» ብሎ መዘገባቸው። ብዙም ሳይቆይ አባቴ የማሽን ክፍሉ አለቃ ሆነው ተሾሙ። ከምስክርነቱ በፊት ኃላፊው ቢሮው አስጠርቶ በአንድ እጁ ሹመቱን፣ በሌላው መባረሩን እንዳሳያቸው ያወቅነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እኔ በዚያ ወራት ጡት የምጠባ ሕፃን ነበርኩ፤ አባቴ ዘወትር የሚያቀርቡት ምክንያትም እኔ ነበርኩ።

በአያቴ ልመና ሽማግሌ ተሰብስቦ እህትና ወንድም ይታረቁ በተባለ ጊዜ አክስቴ ያሉት በቤተሰባችን ትላልቆች ዘንድ እስካሁን ይነገራል። «ይርዳኝ ብዬ አልለመንኩትም። ‹እህቴ፣ ልጆች አሉኝ፣ እፈራለሁ፣ አልችልም› ቢለኝ ግንባሩን ስሜ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። እርሱ ግን ‹አለሁልሽ› አለኝ። እኔም ሙሉ ክብደቴን ጥዬ ተደገፍኩበት። ያ ሰውዬ አንገቴን ነው የያዘኝ፤ ወንድሜ ግን መሬቱን ነው ከእግሬ ሥር የወሰደብኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹም ያለ ዕርቅ ተነሡ።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ወንድማቸውን ቤታቸው እንዳይመጡ አልከለከሉም፤ ልጆቻቸውንም አልነፈጉም። አንድ ነገር ብቻ ለወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ «አንተ» ያሉትን ወንድማቸውን «እርስዎ» ማለት ጀመሩ። «ደኅና ዋሉ? ይቀመጡ። ትራስ ይጨመርልዎት?» ይሏቸዋል። ባዕድ የሆነ ሰው ሲሰማ «እንዴት ያለች ጨዋ እህት ናት!» ብሎ ያደንቃል፤ እኛ የቤቱ ሰዎች ግን እያንዳንዷ «እርስዎ» አባቴን እንዴት እንደምታጎብጣቸው እናይ ነበር።

ወሬው ግን ከማተሚያ ቤቱ አልፎ ሰፈር ገባ። «ያለ ነገር አይሆንም፤ እርሷስ ምን ብትሆንለት ነው?» ይባል ጀመር፤ «የገዛ ወንድሟ እንኳ አልመሰከረላትም» የሚለውን ሰምቶ የሚጠራጠር አልነበረም። ሌሎች ማተሚያ ቤቶችም «ከሳሿ» ናት ብለው በራቸውን ዘጉባቸው። አክስቴ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ በሳሎናቸው አንድ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍና የተቀደደ መማሪያ መጽሐፍ መጠረዝ ጀመሩ፤ ባለቤታቸውም ከሥራ ሲመለሱ ሙጫ ያሞቁላቸው ነበር። ሥራቸው በሰው አፍ እየታወቀ ሄዶ፣ ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ትልቅ የጥራዝ ቤት እስከ መክፈት ደረሱ። በዚያ ቤት ዕቃ ማስቀመጫው በር የለውም። አዲስ ሠራተኛ ስትገባ አክስቴ የሚነግሯት ነገር አጭር ነበር፦ «ማንም ይሁን ማን፣ ያልወደድሽውን ነገር ‹አልወደድኩትም› በይኝ። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።»

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ በመጽሐፍ ገጽ ቅንብር ሙያ ሥራ ስፈልግ በውድድር ያለፍኩት በዚያው በድሮው ማተሚያ ቤት ሆነ። ሰውዬው በዚያን ጊዜ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ጸጉሩ ነጭቷል፤ ሴቶቹን አሁንም «ልጄ» ይላል። በዚያን ጊዜ ማተሚያ ቤቱን ለቀው የነበሩት አባቴ ሥራ መጀመሬን ስነግራቸው፣ «አለቃሽን አክብሪ» ብቻ አሉኝ። ሌላ አንድም ማስጠንቀቂያ አልሰጡኝም። በሥራ ላይ ብዙም ሳልቆይ የሰውዬው እጅ ትከሻዬ ላይ ያርፍ፣ ከሰዓት በኋላ ያለ ምክንያት ያስጠራኝ ጀመር፤ አንድ ቀን እጁን ስገፈትረው ፈገግ ብሎ፣ «አክስትሽም እንዲሁ ቁጡ ነበረች» አለኝ።

በዚያው ቀን ወደ ጥራዝ ቤቱ ሄድኩ። አክስቴ ፊቴን አይተው የያዙትን ስፌት አስቀመጡ፤ እጃቸውን ታጥበው አጠገቤ ተቀመጡና እስከዚያ ቀን ከእኔ ተሰውሮ የኖረውን፣ ከላይ ያነበብኩላችሁን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩኝ። «አባትሽን እንድትጠዪው ብዬ አይደለም። በማን ላይ እንደምትደገፊ አውቀሽ እንድትደገፊ ብዬ ነው» አሉኝ። ከሰስኩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ለእኔ ለመመስከር የቆሙት አክስቴ ናቸው። የሰውዬው ጠበቃ፣ «ይህን ያህል ዘመን ለምን አልተናገሩም?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ተናግሬያለሁ እንጂ። የሚሰማኝ ነው ያጣሁት» ብለው መለሱ። እርሳቸው ከተናገሩ በኋላ ዝም ብለው የኖሩ ሌሎች ሴቶችም አንድ በአንድ ቀረቡ። አባቴም በምስክርነት ተጠርተው ነበር። እስከ ችሎቱ በር መጡ፤ ከበሩ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ስማቸው ሲጠራ አልገቡም። አክስቴ ምስክርነታቸውን ጨርሰው ሲወጡ እዚያው ተቀምጠው አገኟቸው። ቆም ብለው፣ «ይነሡ፤ እዚህ ብርድ ይመታዎታል» ብለዋቸው አለፉ።

ሰውዬው ተፈረደበት፤ ከሥራውም ተባረረ። ሰዎች አክስቴን «እንኳን ደስ አለዎት» ሲሏቸው ግን እንደጠበቁት ሆነው አላገኟቸውም። «የሚጡ እውነት በመውጣቱ ደስ ብሎኛል። የእኔ ቁስል ግን እዚያ ችሎት ውስጥ አልነበረም፤ ደጅ አግዳሚው ላይ ነበር» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ጥራዝ ቤቱን ከወንድ ልጃቸው ጋር እየመሩ፣ ዓይናቸው በመርፌ ክር ማስገባት እስኪሳነው ድረስ ሠርተዋል። በመጨረሻ የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ነርስ በሆነችው ሴት ልጃቸው እቅፍ ውስጥ በቤታቸው አረፉ። በሕመማቸው ወራት አባቴ ዘወትር እየመጡ ከአልጋው ግርጌ ይቀመጡ ነበር። አክስቴም «ምሳ በልተዋል?» ይሏቸዋል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር በመካከላቸው ሲነገር አልሰማሁም፤ ተነግሮ ከሆነም እኔ አላውቅም።

አንድ ቀን አባቴ ተሰናብተው ከወጡ በኋላ ድፍረት አግኝቼ፣ «አክስቴ፣ ከሐዘንተኞቹ ዝርዝር ውስጥ አባቴን ምን ብዬ ልጻፋቸው? ልተዋቸው ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እርሳቸውም፣ «ወንድሜ ነው እንጂ፤ ‹ወንድማቸው› ብለሽ ጻፊ። ወንድሜ ባይሆንማ ምን ያመኝ ነበር?» አሉኝ።

ስለዚህ አክስቴ አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ በእጃቸው ሙያ አስተምረው ያሳደጓቸውን የጥራዝ ቤቱን ሴቶች፣ እንደ ልጃቸው የቆሙልኝን እኔን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን ትተው አርፈዋል።

አምላክ ሆይ፣ በተዘጋ በር ውስጥ የሆነውን አንተ አይተሃልና፣ በፊትህ ሲቆሙ ሌላ ምስክር ሳትጠራ እመናቸው፤ ነፍሳቸውንም ሳይፈሩ በሚደገፉበት ስፍራ አሳርፍልን።